የስድሳ ሰዓት ፊርማ

ብሩክታይት ገብረ ሕይወት ቢቸና ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ አይሱዙ ስድስት ዓመት ነድታለች። ጤፍ ጭና ደብረ ማርቆስ፣ ጤፍ ጭና ባሕር ዳር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውም ከብትም አልገጨችም። ከተማው ግን ይህን አላወራላትም፤ ያወራው አንድ የገበያ ቀን ጎማ ስትቀይር ቀሚሷን ግሪስ መንካቱን ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት በሞላት ጊዜ «ድረስ» የሚባል ዕቃ አድራሽ ድርጅት ሞጣ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ስድስት የተሳቢ ሹፌሮች አሠልጥኜ እቀጥራለሁ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሥልጠናው ሁለት ወር ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣ የድርጅቱ ፈታኝ ይፈትናቸዋል፤ ያለፈው ለደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ከነተሳቢው ይሰጠዋል። ብሩክታይት ማስታወቂያውን በስልኳ አንሥታ ለአባቷ አነበበችላቸው።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወት የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰው ሲንቁ እንኳ ያለ ሰምና ወርቅ አይንቁም። የድርጅቱን ስም ሲሰሙ «ድረስ» የጨነቀው ሰው ጩኸት እንጂ የመሥሪያ ቤት ስም አይደለም አሉ። ቀጥለው ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ነገር አገኙ፤ «ባለቤት ሁኚ ብንላት፣ ተሳቢ ካልሆንሁ አለች።» ተማሪዎቻቸው ሳቁ። ሰዋስው የማያውቀው ጎረቤትም ባል አለማግባቷ እንደተነሣ ስለገባው አብሮ ሳቀ። ብሩክታይት የአይሱዙውን ቁልፍ ለነጋዴው መለሰች። በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ ሞጣ ገባች።

የድርጅቱ ግቢ ከከተማው ወጣ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ ነው። አንድ መጋዘን፣ አንድ ቢሮና አንድ ባለተሳቢ መኪና አለበት። አሠልጣኙ ስጦታው ይባላል። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ጅቡቲ ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ ይላል፤ ዕድሜው ግን ሠላሳ አራት ነው። ከሠልጣኞቹ መካከል ይህን ሒሳብ ለመሥራት የደፈረ አልነበረም።

ስጦታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያስተምረው ስለ ራሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት በቢሮው ደጃፍ አስቀምጧቸው ስለ ጅቡቲ ሙቀት፣ በመንገድ ላይ ስላዳናቸው ሰዎችና እሱን አይተው ቆመው ሰላም ስላሉት የኬላ ኃላፊዎች ይተርካል። ይህ ቲዎሪ ነው። ከሰዓት በኋላ ስድስቱም የሰው ካርቶን ከመጋዘን ወደ ትንንሽ መኪኖች ይጭናሉ። ይህ ደግሞ ተግባር ነው፤ ሹፌር የሚጭነውን ዕቃ በጫንቃው ማወቅ አለበት ይላል። ድርጅቱ በዚህ ዓይነት ለሁለት ወር ደመወዝ የማይከፈላቸው ስድስት ወዛደሮች አገኘ። መኪናውን የሚይዙት በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሆን ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት ይደርሰዋል፤ እሱም በግቢው ውስጥ፣ ወደ ፊት ብቻ።

ለብሩክታይት የተለየ ስም አወጣላት። «እመቤት» ይላታል፣ እያፌዘ። ወንበሩን ወደ ፊት ስታስጠጋ፣ እመቤት ዙፋኗን እያስተካከለች ነው ይላል። ስፖኪዮውን ስታስተካክል፣ ፊቷን እያየች ነው ይላል። በዚህ ሁሉ ከሌሎቹ አብልጦ የሚስቀው ደምለው ነበር። ደምለው የሞጣ ሚኒባስ ነጂ የነበረ፣ ሸንቃጣና ቀልጣፋ ሰው ነው። አለቃ ካልሳቀ አይስቅም፤ አለቃ ከሳቀ ግን ከአለቃው በላይ ይስቃል። በሦስተኛው ሳምንት ላይ እሱም ጥቁር መነጽር ገዛ።

ብሩክታይት አንድ ነገር አስተዋለች። መኪናው ሁልጊዜ ጠዋት ኋላውን ለመጋዘኑ በር ሰጥቶ፣ ተሳቢው ከበሩ ጋር ልክ ለልክ ገጥሞ ይገኛል። ስጦታው ግን አንድ ቀንም ወደ ኋላ ሲነዳ አይታው አታውቅም። በአንዱ ቀን ለምሳ ሳትወጣ ቀረችና ነገሩን አየች። የመጋዘኑ ጠባቂ ጋሽ እንድሪስ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ካቢናው ላይ ወጡ፤ ያንን ሁሉ ርዝመት በአንድ ጊዜ፣ ሳያቆሙና ሳያስተካክሉ አስገቡት። ወርደው በሩን ዘጉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ጋሽ እንድሪስ ሃያ ስምንት ዓመት ተሳቢ ነድተዋል፤ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ። የስኳር በሽታ የግራ ዓይናቸውን ወሰደው። ከዓይናቸው ጋር መንጃ ፈቃዳቸውም ሄደ። ስጦታው መኪናውን ማቆም ሲያቅተው ለእሳቸው ትቶላቸው ምሳ ይሄዳል፤ እሳቸውም የግቢ ውስጥ ነገር ነው ብለው ያቆሙለታል። ብሩክታይት እንዲያስተምሯት ስትለምናቸው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። መሪ ስትይዢ አይቼሽ ነበር፣ የሚዋጋ በሬ ቀንድ የያዘች ትመስያለሽ አሏት። ቀጥለው ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ስጦታው፣ ስለ ዘመኑ ሹፌርና ስለ ዘመኑ ጎማ ያላቸውን ንቀት ዘረዘሩ። ሲጨርሱ ነገ በምሳ ሰዓት ነይ አሏት።

በማግስቱ ካርቶን የሚገፋባቸውን ሁለት የእጅ ጋሪዎች በብረት ዘንግ አያይዘው ጠበቋት። የፊተኛውን ይዛ የኋለኛውን በሁለት ድንጋዮች መካከል ወደ ኋላ እንድታስገባ አዘዟት። ጋሪው እንቢ አለ። ወደ ቀኝ እንዲሄድ ስትፈልግ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ስታርመው ደግሞ ተጣጥፎ ሆዷ ላይ ይመጣል። ለአሥራ አንድ ቀን በየምሳ ሰዓቱ ጋሪ ገፋች። ደምለው ከሆቴል ሲመለስ አይቷት፣ እመቤት ሽንኩርት ልትነግድ ነው ብሎ ለሁሉም አወራ። እሷም አፈረች፤ ግን አልተወችም።

«ጋሪ ያልታዘዘልሽ አርባ ቶን አይታዘዝልሽም» አሏት ጋሽ እንድሪስ። «ተሳቢው ሊሄድ የሚፈልግበትን ቀድመሽ ካላወቅሽ ሹፌሩ እሱ ነው፣ አንቺ ተሳፋሪ ነሽ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሪው በድንጋዮቹ መካከል ገባ። ደግማ አስገባችው። ጋሽ እንድሪስ አላመሰገኗትም፤ ድንጋዮቹን አቀራረቡባት።

ሥልጠናው ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው ስጦታው ስድስት ወረቀት ይዞ መጣ። በእያንዳንዱ ላይ ሠልጣኙ በቁልቁለት፣ በዳገት፣ በጭነትና ያለ ጭነት፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በጠቅላላው ስድሳ ሰዓት እንደነዳ ተጽፏል። ከታች የሠልጣኙ ፊርማ ይፈለጋል። ወረቀቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ካልደረሰ ፈታኙ አይመጣም አላቸው። አምስቱ ተሻምተው ፈረሙ። ደምለውማ ፊርማውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ብሩክታይት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችና እስክርቢቶውን መለሰችለት።

«ምነው እመቤት፣ መጻፍ አትችይም?» አለ ስጦታው።

«እኔ የነዳሁት አራት ሰዓት ቢሆን ነው» አለች። «ቁልቁለት የሚባል አላየሁም።»

«ፎርም ነው። ሁሉም ይፈርማል።»

«ዓባይ በረሃ ፊርማ አያነብም፣ አቶ ስጦታው።»

ድምጿን አላነሣችም። ስጦታው ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኖቹ ትንንሽ ነበሩ። አራት ሰዓት የነዳ ሰው ለፈተና እንደማይቀርብ፣ ዲሲፕሊን የሌለው ሰው ደግሞ ግቢ ውስጥ እንደማይቆም ነግሮ ዕቃዋን ይዛ እንድትወጣ አዘዛት። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ደምለው ብቻ እስከ በሩ ተከትሏት፣ ፊርማ እኮ ቀለም ነው፣ የሁላችንንም እንጀራ ልታበላሺ ነው ብሎ ተቆጣት።

በተከራየችው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ ፍርሃቱ መጣ። የአይሱዙውን ሥራ ለቃ ነው የመጣችው። ቢቸና ብትመለስ የሚጠብቃት ሳቅ ታወቃት፤ አባቷ የሚዘርፉት ቅኔ ሳይቀር። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ብላ አሰበች። እንደገና አሰበችና ባለመፈረሟ ሳይሆን ለአፍታም ቢሆን በመጸጸቷ ተናደደች።

ጋሽ እንድሪስ ነገሩን ሲሰሙ ጀግና አላሏትም። የማን ልጅ መስሎሽ ነው፣ ሰው ሁሉ የፈረመውን አልፈርምም የምትዪው ብለው ተቆጧት። ሻይ አስመጡላት። ሻዩን ሳትጨርስ ግን ፈተናው የሚደረግበትን ቁልቁለት ይነግሯት ጀመር። ከሞጣ ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ ባለ አራት ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። የሠለጠነ ፈታኝ ከሆነ እዚያ ይወስዳቸዋል አሉ። መኪና ከከለከሉሽ በእግርሽ ሂጂ፤ የት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ የት ላይ መንገዱ እንደሚጠብ፣ ፍሬን ቢከዳ የት መግባት እንደሚቻል እያየሽ ውረጂ።

ሦስት ቀን ወረደች፣ ሦስት ቀን ወጣች። እረኞች ምን ጠፍቷት ነው ብለው ጠየቋት። በሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ በተራራው በኩል፣ የመንገድ ሠራተኞች ትተውት የሄዱ የጠጠር ክምር ነበር። ቁመቱን ከራሷ ጋር ለካችው።

የፈተናው ቀን ፈታኙ አቶ አምላኩ በሚኒባስ መጡ። ሽበታም፣ ሲናገሩ ሰው የማያዩ፣ እጃቸው ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው ሰው ናቸው። ስጦታው ግቢውን አስጠርጎ፣ ለስላሳ አስቀርቦ፣ ድንጋዮቹን ሳይቀር ኖራ አስቀብቶ ነበር። እሳቸው ለስላሳውን አልነኩም። ወረቀቶቹን ቆጠሩና ስድስተኛው የት አለ አሉ። ስጦታው ስለ ዲሲፕሊን ማስረዳት ጀመረ። ብሩክታይት በሩ ላይ ቆማ ነበርና፣ ጋሽ እንድሪስ በሩን የመክፈት ሥራቸውን ሠርተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

አቶ አምላኩ ጠሯት። ስንት ሰዓት ነድተሻል አሏት። አራት አለች። ሌሎቹስ ሲሉ፣ ስለ ሌሎቹ ራሳቸው ይናገሩ አለች። አቶ አምላኩ ወደ አምስቱ ዞሩ። አራቱ ደምለውን አዩት። በመጨረሻ ደምለው ደረቱን ነፍቶ፣ ስድሳ ሰዓት ነድቻለሁ፣ እንዲያውም ይበልጣል አለ።

«እንግዲያው አንተ ትጀምራለህ» አሉት አቶ አምላኩ። «ጭነት ይጫን።»

ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ተጫነ። ደምለው መሪውን ያዘ፤ አቶ አምላኩ በጎኑ ተቀመጡ፤ ስጦታውና ብሩክታይት ከወንበሮቹ ኋላ ባለው የካቢናው አልጋ ላይ ሆኑ። እሷን ያስገቧት አቶ አምላኩ ናቸው፤ አራት ሰዓት የነዳ ሰው ስድሳ ሰዓት ከነዳ ሰው ይማራል ብለው። ስጦታው መንገዱን ሁሉ አላወራም። ጅቡቲም አልተነሣችም።

ደምለው እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ በኩራት ነዳ። ከዚያ ሚኒባስ ሲነዳ እንደለመደው፣ በነበረበት ማርሽ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ መውረድ ጀመረ። ብሩክታይት እዚህ ላይ ነበር መቀነስ ያለበት ብላ ከንፈሯን ነከሰች። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፈ። ሁለተኛው ላይ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ካቢናውን ሞላው። የፍሬኑን አየር የሚያሳየው ጌጅ እየወረደ ነበር። አቶ አምላኩ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ማርሽ ቀንስ አሉት። ደምለው ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ከነበረበት ማርሽ አወጣው፣ ዝቅተኛው ግን አልገባለትም። ብረት ከብረት ጋር ጮኸ። መኪናው ያለ ማርሽ፣ ሁለት መቶ ኩንታል ተሸክሞ መክነፍ ጀመረ።

አቶ አምላኩ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ አሠልጣኝ፣ ምን ይደረግ አሉ።

ስጦታው የበሩን እጀታ በዓይኑ እየፈለገ ነበር። «እኔ... እኔ በዚህ መኪና አላውቅም» አለ።

ብሩክታይት አንገቷን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አወጣች። «ደምለው፣ ወደ ገደሉ አትይ። ከመታጠፊያው በተራራው በኩል ጠጠር አለ። አትታጠፍ፣ ቀጥ ብለህ ግባበት።»

ደምለው እያለቀሰ ነበር፤ ግን ሰማ። መኪናው ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ እየተፍገመገመ፣ ድንጋይ እያዘነበ፣ አፍንጫው እስኪቀበር ሄዶ ቆመ። የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ። ከኋላ የሲሚንቶ ከረጢቶች ፈንድተው አቧራው ካቢናውን ሸፈነው። አቧራው እስኪረግብ እየሳሉ ጠበቁ። ሰው አልሞተም፤ የደምለው ግንባር ብቻ ትንሽ ደማ።

አቶ አምላኩ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጠባሳ ያለበትን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት። ፍሬኑ ከቀዘቀዘና አየሩ ከሞላ በኋላ ስጦታውን ጠርተው መኪናውን ወደ ኋላ አውጣው አሉት። ስጦታው ወገቡን እንዳመመው ነገራቸው። ከመቼ ጀምሮ ቢሉት ከጅቡቲ ጀምሮ አለ።

ጋሽ እንድሪስ በባጃጅ ተጠሩ። መጥተው ጎማዎቹን ዞሩ፣ ጠጠሩን በእጃቸው አስወገዱ። መንጃ ፈቃድ እንደሌላቸው ለአቶ አምላኩ ነገሩና፣ ካልፈቀዱልኝ እሄዳለሁ አሉ። አቶ አምላኩ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ሽማግሌው በአንድ ዓይናቸው፣ ብሩክታይት በጠፋው ዓይናቸው በኩል ቆማ በእጇ እያመለከተችላቸው፣ መኪናውን ስንዝር በስንዝር አወጡት። ስጦታው መኪናው ቢንሸራተት ጎማ ሥር እንዲያደርግ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ ይከተል ነበር። በዚያ ቀን ሁሉ የሠራው ጠቃሚ ሥራ ይህ ብቻ ነው።

አቶ አምላኩ ያዩትን ጻፉ። ከላይ ያሉት ሰዎች ግን የጻፉትን እንደወደዱ አነበቡት፤ በመጨረሻ የወጣው ሪፖርት ለአደጋው ምክንያቱ የመንገዱ ለተሽከርካሪ ምቹ አለመሆን ነው ይላል። ስጦታው ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። የሁሉም ቅርንጫፎች የሥልጠና ክፍል ኃላፊ ሆኖ፣ ሁለት መስኮት ያለው ቢሮ ተሰጠው። ለሰው የሚያስተምረው ነገር የሌለው ሰው ሥልጠናን ከላይ ሆኖ መምራት እንደሚችል ድርጅቱ አምኗል።

ስድስቱም ሥልጠናውን እንደገና እንዲጀምሩ ተወሰነ። አቶ አምላኩ ማድረግ የቻሉት ጋሽ እንድሪስ እንዲያስተምሩ ማስፈቀድ ነበር። አሠልጣኝ የሚለውን ስም ለመስጠት ድርጅቱ ሳሳ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጣቸው። አምስቱ ሠልጣኞች ለሁለት ሳምንት ያህል ለብሩክታይት ሰላምታ ከለከሉ፤ በእሷ ምክንያት ጊዜያችን ተበላ አሉ። ጠጠሩን ለደምለው ያሳየችው ማን እንደሆነች ያስታወሰ አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ግን ሁሉንም እኩል ሰደቧቸው፤ አምስቱንም ጋሪ አስገፏቸው። ደምለው ሲገፋ ብሩክታይት ቆማ አየችው። ልትስቅበት ትችል ነበር። አልሳቀችም፤ ግን ዓይኗንም ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

በሰኔ አቶ አምላኩ ተመልሰው መጡ። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ያህል ጭነት ፈተኗት። ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆማ ማርሽ ቀነሰች፣ ሞተር ፍሬኑን ከፈተች፣ እግሯ የእግር ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ብቻ ነካ። አቶ አምላኩ ከታች ሲደርሱ «እህቴ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር» አሏት። ከእሳቸው አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና አይወጣም። ደረቅ ሦስቱን በሐምሌ ያዘች። ከሞጣ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሞጣ መመላለስ ጀመረች፤ መሪጌታ መንገደኛ በመጣ ቁጥር ዓባይን ወርዳ ወጥታ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የተሳቢውን ቅኔ ግን አልሰረዙትም፤ ጥሩ ቅኔ ሰው ስለተሻሻለ አይጣልም ይላሉ።

ደምለው በሦስተኛው ፈተና አለፈ። በጥቅምት ወር አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ፣ ብሩክታይት ጭነት እስኪያልቅላት ግቢው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ገባች። ደምለው ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስምንት ወጣቶች ከበውት ያወራ ነበር። የሐሰት ወረቀት እንደቀረበ፣ ሁሉም እንደፈረመ፣ አንድ ሰው ብቻ እስክርቢቶውን እንደመለሰ ይተርካል። ያ ሰው እሱ ነበር። ዓባይ በረሃ ፊርማ አያነብም ብዬ ፊት ለፊቱ ነገርሁት አለ። ወጣቶቹ ተደነቁ። ከዚያ ቀና ሲል አያት።

ወሬውን አቋርጦ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደው። ወጣቶቹም ዘወር አሉ።

ብሩክታይት ወንበር ስባ ከመካከላቸው ተቀመጠች።

«ቀጥል» አለችው። «ቁልቁለቱን ንገራቸው። እኔም እስኪ ልስማው።»

መቀጠል ግድ ሆነበት። ስለ ቁልቁለቱ ሲያወራ ድምፁ እያነሰ ሄደ፤ ማርሹ እንዴት እንዳልገባ፣ ማን መሪ እንደያዘ፣ ማን እንዳለቀሰ የሚናገርበትን ቦታ ሁሉ እየዘለለ፣ ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ሰው ያልነዳው መኪና በራሱ ገብቶ የቆመ መሰለ። አንደኛው ሠልጣኝ ታዲያ ማን ነበር የሚነዳው ብሎ ጠየቀ። ደምለው ሻዩን አማሰለ። በብርጭቆው ውስጥ ሻይ አልነበረም።

ብሩክታይት ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ጋሽ እንድሪስ ከግቢው በር ሆነው ጭነቱ አልቋል ሲሉ ተነሥታ ወጣች፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያየች ዞረችና ወደ ቢቸና መንገድ ወጣች።